«ልጄ ከኮሮና ወዲህ አልተመለሰልኝም» ላሉ የአዘዞ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ የሚኖሩ እናት የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ 8 ዓመቱ ላይ፣ ኮሮና ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ኦሲዲ የሚባለው የሐሳብ መመላለስና የግዴታ ድርጊት ሕመም እንዳለበት ተነግሯቸው ፍሎክሰቲን የሚባል መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክትትሉም መድኃኒቱም ቀረ። ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሄደው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ሌሊቱን በስልክ ያነጋል፣ እጁ እስኪቆስል ይታጠባል፣ መሶብ ላይ አብሮ አይቀርብም። እናቱ የበሩን እጀታ በበረኪና ይወለውላሉ፣ ከገበያ ሲመለሱ ልብሳቸውን ደጅ ላይ ይቀይራሉ፣ ትንሿን ሱቃቸውንም ዘግተዋል። አያቱ «ጸበል ይሻለዋል» ይላሉ። እናቲቱ የሚጠይቁት፦ «ይህን ያመጣው ኮሮና ነው ወይስ የኔ ጥፋት? ይመለስልኛል? እኔስ እስከ መቼ እችላለሁ?»

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ኮሮናም ሕመሙን አልፈጠረውም፤ ሕመሙ ከዚያ በፊት ነበረ። የመዘጋቱ ጊዜ ያደረገው፣ ሕመሙ ቤታችሁ ውስጥ እንዲደላደል ጊዜና ምክንያት መስጠት ነው። ዛሬ ሕመሙን ያቆየው ደግሞ የ2012ቱ መዘጋት ራሱ ሳይሆን ያኔ ተጀምረው እስካሁን ያልቆሙት የቤት ልማዶች ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ያለፈውን ወረርሽኝ ማንም ሊያክመው አይችልም፣ የዛሬን ልማድ ግን መቀየር ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ ይነሣል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መጋቢት 30 ቀን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትምህርት በየደረጃው መከፈት የጀመረው በጥቅምት 2013 ነው። ጎንደር ላይ ግን መዘጋቱ አንድ ጊዜ ሆኖ አላበቃም። በ2014 መባቻ የሰሜኑ ጦርነት ከጎንደር በስተሰሜን ያሉት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ትምህርት ቤት እንደገና ቆመ። በሌላው ዓለም «ከመዘጋቱ በኋላ» ተብሎ የተጻፈውን ወደ እኛ ስናመጣ ይህን መርሳት የለብንም። ልጅዎ «ውጭ አደገኛ ነው» የሚለውን መልእክት የሰማው ደጋግሞ ነው፣ አንዳንዴም መልእክቱ እውነት ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱን «ዝም ብለህ ነው» ብሎ ማጣጣል አይሠራም።

በ2021 እ.ኤ.አ. 29 ጥናቶችንና 80,879 ልጆችንና ወጣቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ በወረርሽኙ ወቅት ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ የድብርት፣ ከአምስት አንዱ ገደማ የጭንቀት ምልክት እንደነበረበት አሳይቷል። ይህ ስለ ልጆች በጠቅላላው ነው። ቀድሞ ሕመም የነበረባቸው ልጆች ነገር ይለያል፣ እርስ በርሳቸውም አይመሳሰሉም። ትምህርት ቤት የሚያስጨንቃቸው ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሻላቸው መስለው ነበር፣ ምክንያቱም የሚፈሩት ነገር ራሱ ተዘግቶላቸዋል፤ ሲከፈት ግን ከቀድሞው ብሰው ተገኙ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የለመዱት የቀን ሥርዓት ሲፈርስ ንግግራቸውና ሽንት ቤት መጠቀማቸው ሳይቀር ወደ ኋላ የተመለሰባቸው አሉ። የእጅ መታጠብ ግዴታ ላለበት ልጅ ደግሞ አገር ሙሉ «ታጠብ፣ አትጨባበጥ፣ አትጠጋጋ» አለው። መልእክቱ ለሕዝቡ ትክክል ነበር። ለእርሱ ግን ሕመሙን የሚደግፍ ምስክር ሆነለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐሳቡ ሳይጠራ ይመጣል፦ «ጀርም ነክቶኛል፣ እናቴን አስይዛታለሁ»። ጭንቀቱ ይነሣል። ሲታጠብ ለጥቂት ደቂቃ ይረግባል። አእምሮውም «ያዳነኝ መታጠቤ ነው» ብሎ ይመዘግባል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ያስገድደዋል። አሁን እርስዎን እንጨምር። እጀታውን ሲወለውሉለት፣ «ንጹሕ ነኝ ወይ?» ሲልዎት «አዎ ልጄ፣ ንጹሕ ነህ» ሲሉት፣ ምግቡን ለብቻ በሳህን ሲያቀርቡለት፣ ጭንቀቱ ወዲያው ይወርዳል። በፍቅር ያደረጉት ነው፣ ማንኛዋም እናት ታደርገዋለች። ግን እርስዎም እንደ መታጠቡ የሕመሙ ክፍል ይሆናሉ። በሙያው ይህን የቤተሰብ ማመቻቸት እንለዋለን። ማመቻቸት በበዛበት ቤት ሕመሙ የጠና ይሆናል፣ ሕክምናም ያነሰ ውጤት ይሰጣል።

ከዚህ የሚመጣው ተስፋ ትልቅ ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትስና ባልደረቦቹ ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 124 የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ልጆችን ይዘው ባደረጉት ሙከራ፣ ልጁን ሳይሆን ወላጆቹን ብቻ ማሠልጠን ለልጁ በቀጥታ ከሚሰጠው የሥነ ልቦና ምክክር ሕክምና ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል። ልጅዎ «ሐኪም ቤት አልሄድም» ቢል እንኳ እርስዎ መጀመር ይችላሉ ማለት ነው።

በየት እንጀምር? ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረውን ነገር፣ ማለትም ትምህርት ቤቱን፣ መጀመሪያ ይይዛሉ፤ በግድ ይልኩታል፣ በሦስተኛው ቀን ይሰበራል፣ ከዚያ «ሞክረን እምቢ አለ» ይባላል። ሌሊት 9 ሰዓት የሚተኛ ልጅ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ እንቅልፉ ይቅደም።

ለእንቅልፍ የሚይዙት ሰዓት የሚነሣበትን እንጂ የሚተኛበትን አይደለም። አሁን 6 ሰዓት ቀትር ላይ የሚነሣ ከሆነ በ5፡30 ይቀስቅሱት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ በ5 ሰዓት፣ እንዲህ እያሉ በግማሽ ሰዓት ወደ ጠዋቱ 12፡30 ያምጡት። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ከተነሣ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ የቀን ብርሃን ያግኘው። ቀን እንዳይተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ቡናና ሻይ ይቅርበት። ስልኩ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት እርስዎ ክፍል ገብቶ ቻርጅ ይደረግ፤ የእርስዎም ስልክ አብሮ። የእናቱ ስልክ ትራሷ ሥር እያለ የእርሱን መውሰድ ጠብ ብቻ ያመጣል። ቅዳሜና እሑድ «ይተኛ ምስኪን» ብሎ መተው የሳምንቱን ሥራ ያፈርሰዋል።

እንቅልፉ እየተስተካከለ ሳለ መድኃኒቱን በተመለከተ ወደ ክትትል ይመለሱ። አሮጌ እሽግ ቤት ውስጥ ካለ በራስዎ አያስጀምሩት፤ ያኔ የነበረው ክብደቱም ዕድሜውም ሌላ ነው፣ ቀኑም አልፎበታል። ፍሎክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ሲቋረጥ ልጁ ለሳምንታት ደኅና ይመስላል። በ2012 ብዙ ቤተሰብ የተታለለው በዚህ ነው፦ «ተወው፣ ምንም አልሆነም» ተባለ፣ ሕመሙ ሲመለስ ከመድኃኒቱ መቋረጥ ጋር ማንም አላያያዘውም። በልጆች አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ከ20 እስከ 60 ይደርሳል፤ መጠኑን የሚወስነው የሚያክመው ባለሙያ ነው። ለኦሲዲ ውጤቱ ከድብርት ይልቅ ይዘገያል፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራም» ማለት አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ግን ንቁ ይሁኑ፦ ያልተለመደ መቁነጥነጥ፣ ብስጭት፣ ስለ መሞት ማውራት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት። እንቅልፍ ሊያውክ ስለሚችል ጠዋት ይሰጥ። ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል ቢታዘዝለት ይህን መድኃኒት እንደሚወስድ ይናገሩ፤ ሁለቱ አብረው አደጋ አላቸው።

ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲሄዱ የጤና መድን አባል ከሆኑ በጤና ጣቢያዎ በኩል የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ ካለዚያ ከኪስ ይከፍላሉ። የድሮውን የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒቱን ባዶ እሽግ ካለ፣ እና አንድ ገጽ ማስታወሻ ይውሰዱ፦ መቼ ጀመረ፣ መቼ ቆመ፣ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ደቂቃ ይታጠባል፣ ምን ይበላል፣ መቼ ይተኛል። ይህች አንድ ገጽ የምርመራውን ጊዜ ግማሽ ታድናለች።

አሁን ወደ ዋናው። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ ይመዝግቡ። እርስዎ፣ አያቱ፣ እኅቶቹ በፍርሃቱ ምክንያት የምታደርጉትንና የማታደርጉትን ሁሉ፤ ልብስ ደጅ መቀየር፣ ለብቻ ሳህን፣ ስንት ጊዜ «ንጹሕ ነህ» እንደተባለ፣ ስንት ጀሪካን ውኃ እንዳለቀ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በእጅ መታጠብ ማለቁ የቤቱ ሁሉ ቅሬታ መነሻ ነው፣ መለኪያም ይሆናችኋል። ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ከባዱን አይደለም፤ በየቀኑ የሚደጋገመውንና በእርስዎ እጅ ያለውን። አብዛኛውን ጊዜ ጥሩው መጀመሪያ የ«ንጹሕ ነኝ ወይ?» መልስ ነው።

በተረጋጋበት ሰዓት፣ ጠብ በሌለበት፣ አስቀድመው ይንገሩት፦ «ፍርሃቱ እንደሚያስጨንቅህ አውቃለሁ። ልትችለው እንደምትችልም አምናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ንጹሕ ነኝ ወይ ስትለኝ አልመልስልህም፣ ምክንያቱም መልሴ ፍርሃቱን እያሳደገው ነው።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ፣ ክርክር፣ ልመና አያስፈልግም። ከሰኞ በኋላ ሲጠይቅ «ሰምቼሃለሁ፣ ትችለዋለህ» ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ከሦስት እስከ አሥር ቀን ይብሳል። ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ «አትወጂኝም» ይላል። ይህ የመክሸፍ ምልክት አይደለም፣ ይጠበቃል። የሚያበላሸው በአራተኛው ቀን መሸነፍ ነው፤ ያኔ የሚማረው «አራት ቀን ከጮኽኩ ይመለሳል» የሚለውን ነው። ሁለተኛው የሚያበላሽ ነገር አያቱ በጓዳ «ንጹሕ ነህ የኔ ጌታ» ብለው ሲመልሱለት ነው። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ከእናትዎ ጋር ተቀምጠው ይስማሙ፣ ለምን እንደሆነም ያስረዱ። እጁን በግድ መያዝ፣ ሳሙና መደበቅ፣ መቆጣት፣ በእንግዳ ፊት ማሳፈር ፈጽሞ አይግባ። የሚቀየረው የእርስዎ ድርጊት እንጂ የእርሱ አይደለም።

አንዱ ሲጸና ሁለተኛውን ይጨምሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ። ልጁ ፈቃደኛ ሲሆን ደግሞ በባለሙያ እየታገዘ ራሱ ፍርሃቱን ይጋፈጥ። ከ0 እስከ 10 በሚሆን የፍርሃት ልክ አብራችሁ መሰላል ትሠራላችሁ። የውስጡን በር እጀታ በአንድ ጣት መንካት 3 ሊሆን ይችላል፣ የደጁን በር በሙሉ እጅ 5፣ ከገበያ የመጣ ብርቱካን መያዝ 6፣ መሶብ ላይ አብሮ መብላት 8፣ ከአያቱ እጅ ጉርሻ መቀበል 10። ከዝቅተኛው ይጀምራል፣ ይነካል፣ አይታጠብም፣ ይጠብቃል። ጭንቀቱ ይወጣና ብዙውን ጊዜ በ30 ወይም በ45 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይወርዳል። ይህን በየቀኑ ይደጋግመዋል፣ ፍርሃቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። በሳምንት አንድ ቀን ማድረግ ስቃይ ብቻ ነው። ሳይታጠብ ቆይቶ እጁን በሱሪው የሚጠርግ፣ ሳኒታይዘር በኪሱ የያዘ፣ በልቡ ቁጥር የሚቆጥር ልጅ አለ፤ እነዚህ የተደበቁ መታጠቦች ናቸው፣ ድካሙን ከንቱ ያደርጉታል። በገርነት ይጠይቁት።

ጤናማ መታጠብ ምን ያህል እንደሆነ ቤት ውስጥ ይወሰን፦ ከምግብ በፊት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ከውጭ ሲገባ፣ በሳሙና 20 ሰከንድ፣ በአንድ ጆግ ውኃ። ለቆሰለው እጅ ከታጠበ በኋላ ቫዝሊን ይቀባ። በረኪና በሰው ቆዳ ላይ አይደረግም፣ ከሌላ ማጽጃም አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የበር እጀታ በየቀኑ በበረኪና መወልወል ዛሬ ለማንም ጤነኛ ቤት አያስፈልግም፣ ስለዚህ ይህም ከሚቀነሱት ዝርዝር ውስጥ ነው።

ትምህርት ቤቱን የምንይዘው ጠዋት መነሣት ከቻለ በኋላ ነው። በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን ከመሄድ በየቀኑ ለሁለት ክፍለ ጊዜ መሄድ ይሻላል፤ በመሃል ያሉት ባዶ ቀናት ፍርሃቱን እንደገና ያሳድጉታል። ከርእሰ መምህሩና ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር ተነጋግረው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለጥቂት ሳምንት አጭር ቀን፣ ሲጨንቀው ለአምስት ደቂቃ የሚሄድበት አንድ የታወቀ መምህር፣ እና «ጨነቀኝ» ሲል ወደ ቤት እንዳይልኩት። ጭንቀቱ ሳይወርድ ቤት ከገባ መሸሹ ተሸለመ ማለት ነው። የሽንት ቤቱን ነገርም ሳያፍሩ ይጠይቁት። ውኃ የሌለበትን ሽንት ቤት ላለመጠቀም ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ የሚውሉ ልጆች አሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ፦ ልጅዎ ማንበብ በሚጸናበት ዕድሜ ወራት አምልጠውታል፣ ከዚያም ደጋግሞ ተቋርጧል። የ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ሰጥተው ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። ከተንተባተበ፣ ከክፍል የሚያሸሸው ቆሻሻው ብቻ ሳይሆን እፍረቱም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከጀርም ፍርሃት እኩል የንባብ እርዳታ ያስፈልገዋል።

ስለ ጸበል። አያቱ የሚሉትን መቃወም አያስፈልግም፣ ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ልጁም በግድ እንዳይያዝና እንዳይታሰር። በጾም ወቅት ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገሩ። ፍሎክሰቲን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ ጠዋት በውኃ መዋጥ ካልተቻለ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት በየቀኑ በተመሳሳይ ጊዜ ይሰጥ። መዝለል ግን አይገባም። ደጋግሞ መጠመቅን ሕመሙ እንደ ሌላ መታጠብ እንዳይጠቀምበት ደግሞ ልብ ይበሉ። «አልነጻሁም፣ እንደገና» ማለት ከጀመረ ለካህኑ ስለ ሕመሙ ይንገሯቸው።

አሁን ስለ እርስዎ። «እስከ መቼ እችላለሁ?» ያሉት ጥያቄ ከልጁ ጥያቄ ያነሰ አይደለም። ሱቁ ተዘግቷል፣ ሌሊቱ ከእርሱ ጋር ይነጋል፤ እንደ ብዙዎቹ እናቶች ከጎረቤት ቡናም ቀርተው ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታ ከጠፋ፣ እንቅልፍ ከራቀ፣ ራስ ምታትና የልብ መወጋት ምርመራ ላይ ምክንያት ካጣ፣ «ምነው ባልነጋ» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ለዚህ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ያለበት ጤና ጣቢያ አለ፤ የልጁን ሪፈር ሲያስጽፉ የራስዎንም ካርድ ያውጡ። ልጁ እስኪሻለው አይጠብቁ። ጥቅሙ ለእርሱም ነው፣ ምክንያቱም የደከመች እናት በአራተኛው ቀን ጩኸት ፊት መጽናት አትችልም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሰዓት ከቤት ይውጡ፣ ያን ሰዓት አያቱ ወይም ዘመድ ይያዝ። የሚቻል ከሆነ ሱቁን በግማሽ ቀን ይክፈቱት። ከገቢው በላይ፣ እናቱ ውጭ ውላ በደኅና መመለሷን ልጁ በየቀኑ ማየቱ ራሱ ሕክምና ነው።

(ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት አንባቢዎች ካላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው፣ በአገራችንም የተሞከረ ነው። የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን ለማከናወን የሚያግዝ ሕክምና) ትምህርት በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ስለ አገልግሎቱ ይጠይቁ።)

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር ካለ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፦ ምግብ ወይም ውኃ «ተበክሏል» ብሎ ካቆመ፣ ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ ራሱን ከጎዳ ወይም መሞት እፈልጋለሁ ካለ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማ፣ በረኪና ከጠጣ። በረኪና የጠጣን ልጅ ለማስመለስ አይሞክሩ። በረኪናው፣ የአይጥ መርዙና የቤቱ መድኃኒት ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይሁን።

ይመለሳል ወይ ላሉት፦ ኦሲዲ ባብዛኛው ልጆች ላይ በሕክምና በጉልህ ይቀንሳል፣ በጭንቀት ጊዜ ግን ብቅ ሊል ይችላል። መንገድ ወይም ትምህርት ቤት እንደገና ቢዘጋ የሚጠብቃችሁን ከአሁኑ ያዘጋጁ። በክትትል ላይ እያሉ ሐኪሙ ከፈቀደ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት ይኑራችሁ፣ ከተቀመጠው አሮጌው ቀድሞ እያለቀ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን በወረቀት ተጽፎ ከእርስዎና ከአንድ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፣ ሌላ ከተማ ካለ ፋርማሲ ለማስፈለግ ይረዳል። ቤት በዋለበት ቀን ሁሉ ግን መነሻ ሰዓቱ አይቀየር፣ ከመሰላሉ አንድ ደረጃ በየቀኑ ይሠራ፣ ምሳም ከመሶቡ አብሮ ይበላ።